ባለቤት ያጡ ዶሮዎች

ቺያዩንን እወዳታለሁ ያልኩበት ቀን የለም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ግድግዳችን አንድ ነው፤ የኔን ጓሮ ከሷ ጓሮ የምትለየው አንዲት የቀርከሃ አጥር ናት፤ የሷ ዶሮዎች በዚያች አጥር ሥር ሾልከው ጎመኔን ሲለቅሙት አንድ ቀን «እሽ» ብላ አታውቅም። ስነግራት «ሦስተኛ እህቴ፣ ዶሮ አጥር ምን እንደሆነ የት ታውቃለች» ትለኛለች። እሺ ዶሮዋስ አታውቅ፤ ባለቤቷስ?

ሦስተኛ እህቴ የምትለኝ ባሌ ለእናቱ ሦስተኛ ልጅ ስለሆነ ነው። እኛ መንደር ጎንግጂያዋን አግብታ የገባች ሴት ስሟን አባቷ ቤት ትታ ነው የምትመጣው። ለትንንሾቹ ሦስተኛ አክስት ነኝ፣ ለእኩዮቼ ሦስተኛ እህት፣ ለባሌ ደግሞ «ስሚ» ነኝ። ከኛ መሃል በስሟ የምትጠራው ቺያዩን ብቻ ናት፤ ባሏ ገና በልጅነቷ ሞቶባት ቤቱ በሷ ስም ስለሆነ። እሷ ግን በዚህ አትኮራም። ስሟ ጮክ ተብሎ በተጠራ ቁጥር ጥፋት የሠራች ይመስል አንገቷን ትቀብራለች።

የቆየው ጠባችን በአንዲት ቄብ ነው። እኛ ዘንድ ዶሮ ቀኑን ሙሉ መንደሩን ስታስስ ውላ ማታ ቤቷ ትገባለች። እንዳይምታታ ሁሉም ቤት ዶሮውን በራሱ ቀለም ይቀባል፤ የኔ ጀርባቸው አረንጓዴ፣ የቺያዩን ክንፋቸው ሰማያዊ፣ የእማማ ታኦ አንገታቸው ቢጫ። አንድ ክረምት ዝናቡ አላባራ አለና አንዲት ጣቷ የተቆረጠ ቄብ ቀለሟ ሙልጭ ብሎ ለቀቀ። የኔ ናት አልኩ። የለም የኔ ናት አለች። እማማ ታኦ ፈረዱ፤ «ሲመሽ ልቀቋት፣ የገባችበት ቤት ይውሰዳት» አሉ። ለቀቅናት፤ ቀጥ ብላ ሄዳ ቺያዩን ቤት ገባች። ደጃፏ ላይ ሩዝ ተበትኖ ነበር። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ቺያዩን ግን እስከ ዛሬ «አልበተንኩም» ትላለች።

እንግዲህ የዘንድሮው ነገር የሆነው በስድስተኛው ወር ሙቀት ነው። የመጀመሪያውን ሩዝ አጭደን በሲሚንቶው አውድማ ላይ አስጥተን፣ እኔና ቺያዩን እማማ ታኦን መሃል አድርገን ከትልቁ ዛፍ ጥላ ተቀምጠናል። በየእጃችን ረጅም ቀርከሃ ይዘን ሩዙን ከዶሮ እንጠብቃለን። ከማን ዶሮ? ከገዛ ዶሮዎቻችን።

«ያቺ ባለሰማያዊ ክንፍሽ የኔን ሩዝ መርጣ ነው የምትበላው» አልኳት ቺያዩንን።

«ያንቺዋ እሜቴስ የማንን ትበላለች?»

እሜቴ የምላት ነጯ ዶሮዬ ናት። እንደሷ ያለች ታቃፊ በሰባት መንደር የለችም፤ የሰጠኋትን እንቁላል ሁሉ ፈልፍላ ነው የምትነሣው።

«እሜቴ ብትበላም ትጥላለች» አልኩ። «ያንቺዎቹ በልተው ይተኛሉ።»

«እሷማ አንድ ጥላ መንደሩን በሙሉ ትቀሰቅሳለች። ባለቤቷን ነው የመሰለችው፤ አንድ ሠርታ አሥር ታወራለች።»

እማማ ታኦ ድድ ብቻ በቀረው አፋቸው ሳቁ። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ጆሯቸው ግን ለነገር ሲሆን ከኔ ይሻላል። «ተዉ እንግዲህ» አሉ። «ይልቅ ሹዋንግ እንዴት ሆነች?»

ሹዋንግ የቺያዩን አንድያ ልጅ ናት፤ ወንዝ ማዶ ነው ያገባችው። «በዚህ ሳምንት ነው አሉ» አለች ቺያዩን። «እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ ስትለኝ ነበር።»

«አማቷስ?»

ቺያዩን ቀርከሃዋን ሲሚንቶው ላይ ጎተት ጎተት አደረገችው። ሁላችንም እናውቃለን። በሠርጉ ቀን ያቺ አማት በእንግዳ ፊት «የባልቴት ልጅ ባዶ እጇን መጣች» ብላለች። ልጅ በተወለደ በሦስተኛው ቀን የእናት ወገን በትከሻ እንጨት ጫፍና ጫፍ ዶሮ የሞላ ቅርጫት ተሸክሞ ነው የሚገባው፤ አራሷ ወር ሙሉ የምትጠጣው ሾርባ ከዚያ ነው። አማት በሩ ላይ ቆማ ቅርጫቱ ውስጥ ታያለች፤ ያየችውን ዕድሜ ልኳን ታወራለች። ቺያዩን ሹዋንግ ማርገዟን ከሰማች ወዲህ እንቁላል በአፏ አልዞረም፤ ሁሉንም ዶሮ አስታቀፈቻቸው። ጫጩቶቹን ከሸለምጥማጥ ስትጠብቅ ስንት ሌሊት በሩ ሥር ተኝታለች። ጎመኔን ከበሉብኝ ዶሮዎች ግማሾቹ እነሱ ናቸው፣ ይኸው ሳልወድ መሰከርኩ።

«ዘንድሮ ታፍራለች» አልኩ። «ቅርጫትሽን አይታ ቃል ታጣለች።»

ቺያዩን ቀና ብላ አየችኝ። ከኔ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ ስለማታውቅ ስድብ መስሏት ነበር።

ይህን ስንጫወት ሁዋይሬን በጭነት ሞተሩ መጣ። የባሌ የታላቅ ወንድም ልጅ ነው፤ ዛሬ በመንደሩ ጽሕፈት ቤት ሹመት ቢጤ አለው። ኮፍያውን አውልቆ «ሦስተኛ አክስቴ፣ ደህና ዋላችሁ» አለ።

«አንተ እስክትመጣ ደህና ነበርን።»

ለመደኝ፤ አልተቆጣም። «ከነገ ወዲያ እንግዶች ይመጣሉ» አለ። «ውብ መንደር የሚመርጡት ሰዎች ናቸው። ዶሮ መንገድ ላይ እንዳያዩ።»

«ምነው፣ ዶሮ አይተው አያውቁም?» አሉ እማማ ታኦ።

«ሳህን ላይ ነው የሚያውቋት» አልኩ።

«ቀልዱን ተዉት። ሁሉም ዶሮውን በተሠራለት ቤት ይዝጋ። ነገ ከቀትር በኋላ እዞራለሁ፤ ውጭ ያገኘሁትን እይዛለሁ። የኔ ነው የሚል መጥቶ ይወስዳል፤ ግን የ‹ንጹሕ ቤት› ሰሌዳው ከበሩ ይነቀላል፣ ስሙም ጠዋት በድምፅ ማጉያ ይነበባል። ባለቤት የሌለው ዶሮ ግን ተወስዶ ይቀራል።»

የተሠራለት ቤት ያለውን ልንገራችሁ። አምና ከላይ የመጡ ሰዎች በየጓሮአችን አንድ ዓይነት የዶሮ ቤት ገነቡልን፤ ነጭ ግድግዳ፣ ግራጫ ጣሪያ፣ በሩ ላይ አበባ የተሳለበት። ፎቶ አነሡትና ሄዱ። መስኮት አላወጡለትም። እኔ ሞኟ አራት ዶሮ ዘግቼበት እርሻ ዋልኩ፤ ማታ ስከፍተው አራቱም አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቀዋል። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ሰው ማገዶ ነው የሚያስቀምጥበት።

«አንተ ልጅ» አልኩት፣ «የኔዎቹን ስቀብር አብረኸኝ ቆፍረህ የለም ወይ?»

«አክስቴ፣ ለአንድ ቀን ነው።»

«ለመሞት አንድ ቀን ይበዛል።»

ሲጨንቀው እንደ አባቱ ያስፈራራል። «የማን እንደሆነች አያውቅም ብላችሁ እንዳታስቡ» አለ። «አረንጓዴ ጀርባ የርስዎ፣ ሰማያዊ ክንፍ የአክስት ቺያዩን፣ ቢጫ አንገት የእማማ። እዚሁ ነው ያደግሁት።»

«ያደግኸውማ በነዚሁ እንቁላል ነው» አሉ እማማ ታኦ። ፊቱ ቀላ፤ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ቺያዩን ቀርከሃዋን ጥላ ተነሣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ብዘጋባቸው ይሞታሉ» አለች። «ባልዘጋ ስሜ ይነበባል። የሹዋንግ አማት ጆሮ ይደርሳል። የባልቴቷ ቤት ቆሻሻ ነው ትላለች።»

«ብለሽ ብለሽ ለነሱ ልታለቅሺ ነው? ተቀመጪ» አልኳት። ንዴቴ ራሴ ላይ ወጥቶ ነበር። እኔ ዶሮ ያረባሁት ይህ ልጅ ሳይወለድ ነው፤ ዛሬ መጥቶ ዶሮሽ ዓይን ታስቀይማለች ይለኛል። «በምን ነው የሚያውቀን? በቀለም። ቀለሙ አንድ ቢሆንስ? የሁላችንም ዶሮ አንድ ዓይነት ቢሆን ማንን ይጠራል?»

እማማ ታኦ ዓይናቸው በራ። «እኔ ዘንድ ቀይ አለ» አሉ። «ለልጅ ልጄ ልደት እንቁላል የቀባሁበት። ከረጢቱ ገና ግማሽ ነው።»

ያን ማታ ነገሩ ከቤት ቤት ዞረ፤ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ዶሮ ያላት ሴት ሁሉ ቄብና እናት ዶሮ አቅፋ እማማ ታኦ ጓሮ ተሰበሰበች። አሮጌው ቀለም በሳሙና አልለቅ ሲል ላባውን በመቀስ ከረከምነው፤ ከዚያ ጀርባቸውን በቀይ ለቀለቅናቸው። ቤት የቀረ ዶሮ አልነበረም። እጃችን እስከ ክርን ቀላ። እሜቴ እንደ ሙሽራ ተቀብታ ስትለቀቅ ራሷን ነቀነቀችና ቂሟን ለማሳየት እግሬ ላይ ኩሷን ጣለች። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም፤ ቺያዩንም ሳቀች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ አፏ ዙሪያ ቀላባት።

ከቀትር በኋላ ሁዋይሬን ሽቦ ቅርጫት የጫነ ሞተሩን ይዞ መጣ። አውድማው ላይ ዘራቸው ብዙ፣ ጀርባቸው አንድ የሆኑ ዶሮዎች ይርመሰመሳሉ። እኛ ከዛፉ ሥር ተደርድረን የሐብሐብ ፍሬ እንቆረጥማለን።

አንዷን አነሣ። «ይቺ የማን ናት?»

«እንጃ» አልኩ።

«ይቺስ?»

«ቀይ እኛ ጋ የለም። ምናልባት ከላይ የመጡት እንግዶች ቀድመው ልከዋት ይሆናል።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱም ከንፈሩ ዳር ሊስቅ ምንም አልቀረው። ከዚያ ዶሮዋን እያገላበጠ ትንሽ አሰበ። ይህ ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ዘግይቶ ነው የሚገባው፣ ከገባው ግን ገባው ነው።

«እሺ» አለ። «የማንም አይደሉም ማለት ነው።»

«የማንም አይደሉም» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ባለቤት የሌለው ዶሮ ደግሞ ተወስዶ ይቀራል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ እናንተ ናችሁ።»

ሳቁ ቆመ። እማማ ታኦ የሐብሐብ ፍሬውን ተፉና በቀስታ «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» አሉ። ካራውን ጭሬ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ሁዋይሬን ዶሮ መያዝ ያውቃል። ሩዝ በተነ፣ «ጉሉሉሉ» አለ፣ ልክ እናቱ እንደምትጠራው፤ ከዚያ መረቡን ጣለ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቅርጫቶቹ ሞሉ። እሜቴ መጨረሻ ላይ ነው የተያዘችው፤ ስትጮህ መንደሩ ሁሉ ሰማ። የኔ ናት ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ግን ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የባሌ ስም ነው፤ ደጁን በቀን ሁለቴ የሚጠርግ ሰው ስሙ ከቆሻሾቹ ጋር ሊነበብ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ልጅ ፊት ተሸነፍኩ ማለቱ ነው ያቃተኝ።

ይህን ጊዜ የቺያዩን ስልክ ጮኸ። ራቅ ብላ አነሣችው፤ «እ... እ...» ስትል ብቻ ነው የሰማነው። ስትመለስ ጉንጯ ረጥቧል። «ትናንት ማታ ወለደች» አለች። «ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ነገ ሦስተኛው ቀን ነው ማለት ነው። ሁላችንም ቅርጫቶቹን አየን።

ቺያዩን ሞተሩ ጋ ሄደች። ትንሽ ሴት ናት፤ ከኋላዋ ሆኜ ሳያት ትከሻዋ እንደ ሕፃን ነው። «ሁዋይሬን» አለች፣ «የኔ ናቸው።»

«የትኞቹ፣ አክስቴ?»

እኔ የጠበቅሁት እየጠቆመች የራሷን ስትለይ ነበር። እሷ ግን ወደኛ ዞራ አየችን፤ እኔን፣ እማማ ታኦን፣ የቀሩትን፣ የሁላችንንም ቀይ ክንድ። ከዚያ አንገቷን ሳትቀብር «ሁሉም» አለች። «አንድም የሌላ ሰው የለበትም። ስሜን አንብበው።»

«ሁሉም? ይህ ሁሉ ዶሮ የአንድ ባልቴት?» ወደኔ ዞረ። «ሦስተኛ አክስቴ፣ እርስዎ ግድግዳዎ አንድ ነው። እውነት ነው?»

ስለ አንዲት ጣተ ቆራጣ ቄብ ስንት ዓመት ተጣልተናል። አሁን እሜቴ በሽቦው መሃል አንገቷን አውጥታ ታየኛለች፣ ቺያዩን ደግሞ የሁላችንንም ስም በራሷ ስም ልትሸፍን ቆማለች።

«የሷ ናቸው» አልኩ። «እኔ አላውቃቸውም እንዴ? ጎመኔን የጨረሱት እነዚህ አይደሉም?»

ሁዋይሬን ሰማዩን አየ። ጀምበሯ ተራራው ላይ ደርሳለች። «ደግ» አለ። «የእማማ ታኦ ፍርድ እኔም ትዝ ይለኛል። ሲመሽ እለቃቸዋለሁ። የገቡበት ቤት ይወስዳቸዋል፤ ያም ቤት ይነበባል። ሁሉም እርስዎ ቤት ከገቡ፣ አክስት ቺያዩን፣ ሁሉም የርስዎ ናቸው።»

ቺያዩን ፊቷ ገረጣ። ዶሮ ቤቷን እንደማትስት ከሁላችንም በላይ የሚያውቅ የለም፤ እሱም አብሮን አድጎ ያውቃል።

ተነሣሁ። «እኔ ድስት ጥጃለሁ» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እዚህ የሚያቆመኝ ነገር የለም፤ በሬን ዘግቼ ምግቤን እሠራለሁ።»

እማማ ታኦ አንዴ አዩኝ። «እኔም ወገቤን ላሳርፍ፣ በሬን ልዝጋና» ብለው ምርኩዛቸውን አነሡ። ከዚያ በኋላ ሌላ ማስረዳት አላስፈለገም፤ አንዷ ልጇ አለቀሰባት፣ አንዷ አሳማዋ ራበው። አንድ አፍታ ሳይቆይ መንደሩ ውስጥ ክፍት በር የቺያዩን ብቻ ሆነ።

እኔ ዶሮዎቼ የሚገቡበትን የማድቤት ቀዳዳ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ደፈንኩት። ባሌ ሩዙን እየበላ «ስሚ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ። «ብላ» አልኩት።

ቅርጫቶቹ ሲከፈቱ ጫጫታው ተሰማኝ። ከዚያ ኮቴያቸው መጣ። የኔዎቹ ናቸው፤ አረማመዳቸውን አውቃለሁ። ሳፋውን በአፋቸው ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ማንኳኳት ጀመሩ። ከሁሉ የምትበረታው እሜቴ ናት፤ ሰው በር እንደሚያንኳኳ ነው የምታንኳኳው፣ ትንሽ ቆማ ትሰማለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ባሌ መብላቱን አቆመ። «አትከፍችላቸውም እንዴ?»

በጓሮ በር ወጣሁ። ዳር ዳሩ ጨልሟል፤ በጨለማ ዶሮ ዓይኗ ስለሚጠፋ ቶሎ ካልገባች ባለችበት ትቀመጣለች። ከአጥሩ ወዲያ ቺያዩን «ጉሉሉሉ፣ ጉሉሉሉ» ትላለች፤ የምትበትነው ሩዝ የጓሮዋ ሲሚንቶ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል። እሜቴ እግሬ ሥር መጥታ ቆመች። ጫጩት ሆና ጉያዬ ውስጥ ነው ያደገችው፤ ያን ዓመት ውርጩ ከባድ ስለነበር።

«ሂጂ» አልኳት። «ቤትሽ እዚያ ነው።»

አልሄደችም። በእግሬ ገፋ አደረግኋት፤ ተመልሳ መጣች። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ያችን ስሰድባት የኖርኩትን አጥር፣ የታችኛውን ቀርከሃ በሁለት እጄ ወደ ላይ ያዝኩላቸው። አንዷ ሾለከች። ሌሎቹ ተከተሉ። እሜቴን እጄ ላይ አንሥቼ በአጥሩ ሥር አሳለፍኳት፤ «እሽ» አልኳት። ሄደች።

በፊት ለፊቱ በር ስወጣ ሁዋይሬን የመንደሩ መንገድ ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። የተዘጉትን በሮች አንድ በአንድ ያያል። «ዛሬ ሰው ሁሉ በጊዜ ዘጋ» አለኝ።

«ሞቆን ነው።»

«ሲሞቅ በር ይዘጋል?»

«እኛ ዘንድ ይዘጋል።»

ከዚያ የቺያዩን በር ላይ ሄዶ ሰሌዳውን ነቀለ። እሷ መብራት ይዛለት ነበር፤ «ግድግዳውን እንዳትቧጭረው» ብቻ አለችው።

በማግስቱ ገና ወፍ ሲንጫጫ ጠራችኝ። ሁለት ቅርጫትና የትከሻ እንጨቷን አዘጋጅታለች። «ሦስተኛ እህቴ፣ የሌሎቹን መልሼላቸዋለሁ። የቀሩት ያንቺ ናቸው፣ ለይተሽ ውሰጂ» አለች። የኔን አንድ በአንድ እየያዝኩ ወደ ጓሮዬ ሰደድኳቸው። እሜቴ ላይ ስደርስ አነሣኋትና ቅርጫቷ ውስጥ ጨመርኳት።

«ምን ሆነሻል? ይቺማ እሜቴ ናት።»

«ስብ አላት። ሾርባዋ ለጡት ይሆናል። አማቷ ከጠየቀችሽ የኔ ናት በያት። ትናንት ስንት ሰው መስክሮልሻል።»

ቺያዩን እንጨቱን ትከሻዋ ላይ ካደረገች በኋላ አልሄድ አለች። «ያን ጊዜ፣ ጣተ ቆራጣዋ...» አለች።

«እ?»

«አንድ እፍኝ በትኜ ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «ሂጂ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል።»

መንገዱ የድምፅ ማጉያው ምሰሶ ሥር ነው የሚያልፈው። ልክ እዚያ ስትደርስ ማጉያው አጓራ፤ የሁዋይሬን ድምፅ ነው። ቤታቸው ንጹሕ ያልሆነ፣ አለ፣ ፔይ ቺያዩን። አንድ ስም ብቻ። ቀይ ጀርባዎቹ በቅርጫቱ ሽንቁር ይታያሉ፤ እሷ አረማመዷን አላፈጠነችም፣ አንገቷንም አልቀበረችም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ዶሮ የለቀቅን እኛ፣ የምትነበበው እሷ።

የባሌን መዶሻ አንሥቼ የበሬን ሰሌዳ ነቀልኩት። ዶሮዎቼን መንገድ ላይ አወጣኋቸው። ከዚያ ጽሕፈት ቤት ገብቼ ሰሌዳውን በሁዋይሬን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

«አክስቴ፣ እንግዶቹ እኮ ዛሬ ነው የሚመጡት።»

«ይምጡ። ዶሮ ያያሉ።»

ግንባሩን ያዘ። «የሦስተኛ አጎቴን ስም ላንብብ ነው የሚሉኝ?»

«ዶሮዎቹን እሱ ነው ያሳደጋቸው? የኔ ናቸው። የኔን ስም አንብብ።»

ማጉያውን ከፈተ፤ ክርር አለ። አፉን ወደ እሱ አስጠጋ። ከዚያ ዘጋውና ወደኔ ዞረ፤ ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል። ይህ ልጅ ቤቴ ውስጥ ስንት ዓመት ሩዝ በልቷል፣ ሲያተኩሰው ስንት ቀን ጀርባዬ ላይ አዝዬዋለሁ።

«አክስቴ» አለ፣ «ስምዎ ማን ነው?»

ነገርኩት። ዩዋን ዱዋንሜይ። ማጉያውን እንደገና ከፈተና አነበበው። ስሜ በጣሪያው ላይ አልፎ፣ በሩዙ ማሳ ላይ አልፎ ተራራው ጋ ሄዶ ሲመለስ ሰማሁት። በመስኮቱ ሳይ ባሌ ማሳው መሃል ማጭዱን እንደያዘ ቀና ብሎ ቆሟል።

«ደህና አልተሰማም» አልኩት ለሁዋይሬን። «ድገመው።»

ደገመው።